የዳጉሳ እንጀራ ለምን ይሰባበራል?
ከምጣድ ስታወጪው የሚሰባበርብሽ አብሲት (ከሊጡ ተቀንሶ በስሎ የሚመለሰውን) ስላልጣልሽበት ነው፤ ዳጉሳው ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ሊጡን እንዳለ ጋገርኩት ብለሻላ።

1. ሊጡ ላይ የተንሳፈፈውን ውሃ ድፊው።
2. አንድ ጭልፋ ሊጥ በውሃ አቅጥነሽ፣ እስኪወፍር እያማሰልሽ አፍይው።
3. ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሺው፤ ኩፍ ሲል ጋግሪ።

ሲሶውን ጤፍ ካደረግሽውማ በማግስቱም ይጠቀለላል። እኔ ዳጉሳውን ከመራዊ ገበያ ነው ባሕር ዳር የማመጣው፤ የአውድማ አሸዋ ስለማይጠፋው ሳላጥብ አላስፈጭም።

አብሲቱን ግን በትኩሱ እንዳትጨምሪው! እንግዳ መጣብኝ ብዬ አንዴ ቸኩዬ ገለበጥኩት። እርሾው ሞቶ አንድም ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ እንደ ቆዳ ተለጠፈ። ዶሮዎቹ በሉት፤ እንግዶቹ ድንች ቀቅዬላቸው ሄዱ።