ንጉሥ የሠራው አምላክ ለሞተ ሰው ምን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ የምኖር ልጅዎ ነኝ። ባለፈው የዕረፍት ቀኔ የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ሙዚየም ወሰደኝ። እዚያ ጺማም፣ ጠጉሩ የተንዠረገገ፣ አናቱ ላይ እንደ ቁና ያለ ነገር የተደፋበት የድንጋይ ራስ አየሁ። ልጁ «ይሄ ሴራፒስ ይባላል፤ የግብጽ ንጉሥ ሕዝቡን አንድ አድርጎ ለመግዛት የፈጠረው አምላክ ነው። የእናንተንም ቆስጠንጢኖስ ነው የፈጠረው» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚያ ሰዎች ምን ያምኑ ነበር? ከሞትን በኋላ ወዴት እንሄዳለን ይሉ ነበር? ለልጁስ ምን ልበለው? ደግሞ ጣዖት ቆሜ ማየቴ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እንቅልፍ የነሳሽም እምነትሽን ስለምትወጂ ነውና በዚህ አትዘኚ። ልጁ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ከእውነተኛው ግማሽ እጀምራለሁ፤ ሌላው ግማሽ በራሱ ይወድቃል። ዘመኑን አንቺ ባለሽበት አገር አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

ታላቁ እስክንድር በ323 ከልደተ ክርስቶስ በፊት ሲሞት ግዛቱን የጦር አለቆቹ ተከፋፈሉት። ግብጽ ለበጥሊሞስ ደረሰችው። እሱም ወታደሮቹም ከግሪክና ከመቄዶንያ የመጡ ነበሩ፤ ሕዝቡ ደግሞ የሺህ ዓመታት አማልክት ያለው ግብጻዊ ነው። በሜምፊስ ከተማ አፒስ የሚሉት ኮርማ ይመለክ ነበር። ኮርማው ሲሞት ከሙታን ንጉሥ ከኦሲሪስ ጋር አንድ ይሆናል ብለው ኦሲሪስ አፒስ ይሉታል። ሴራፒስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ፕሉታርክና ታሲተስ የሚባሉ ጸሐፍት እንደሚተርኩት ንጉሡ ሕልም አየ፤ በጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ከሲኖፕ ከተማ አንድ ምስል እንዲያስመጣ ታዘዘ። ምስሉ እስክንድርያ ሲደርስ ማንነቱን እንዲናገሩ አንድ የግሪክ የአምልኮ ሊቅና ማኔቶ የተባለ የግብጽ ካህን ተጠሩ፤ ሴራፒስ ነው አሉ። እንግዲህ ተመልከቺው፤ ጺሙ እንደ ግሪኮቹ ዜውስ ነው፣ ስሙ ግብጻዊ ነው፣ እግሩ ሥር ሦስት ራስ ያለው የሲኦል ውሻ ይቀመጣል፣ አናቱ ላይ ያየሽው ደግሞ የእህል መስፈሪያ ነው። ለግሪኩም ለግብጻዊውም የሚታወቀው አንድ ነገር እንዲያገኝበት ሆኖ የተሰናዳ ነው። በእስክንድርያ የሴራፒስን ቤተ መቅደስ ያሠራው የበጥሊሞስ የልጅ ልጅ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ነበር። በ1943 ከመሠረቱ ሥር የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሰሌዳዎች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ የንጉሡ ስም በግሪክና በግብጽ ፊደል ተጽፎባቸዋል።

ሮማውያን ደግሞ ከዚህ አለፉ፤ ነገሥታቱን ራሳቸውን አማልክት አደረጉ። ይህን ለማየት ሙዚየም አያስፈልግሽም። በጥንቱ የሮም አደባባይ፣ ፎሮ ሮማኖ በሚሉት ስፍራ፣ ረጃጅም ዓምዶች ያሉት ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ሕንጻ አለ። በግንባሩ ላይ «ለአምላክ አንቶኒኖስና ለአምላኪቱ ፋውስቲና፣ በሸንጎው ውሳኔ» የሚል ጽሕፈት ታገኛለሽ። በሸንጎው ውሳኔ! ፋውስቲና በ140 ሞተች፣ ባሏ ንጉሡ በ161 ተከተላት፤ የመማክርት ጉባኤው ተሰብስቦ አምላክ ናቸው ብሎ ወሰነ። የንጉሥ አስከሬን በታላቅ የእንጨት ክምር ላይ ሲቃጠል ከላይ ንስር ይለቀቅ ነበር፤ ነፍሱን ወደ ሰማይ ወሰዳት እንዲባል። በቫቲካን በተቀመጠው በዚሁ በአንቶኒኖስ ዓምድ መሠረት ላይ ክንፍ ያለው ሰው ንጉሡንና ንግሥቲቱን ተሸክሞ ሲወጣ፣ ግራና ቀኙን ንስሮች ሲበሩ ተቀርጿል።

የሚያሳዝነኝ ግን ንስር የማይለቀቅለት ሰው ነው። ወደላይ የወጣው ንጉሡ ነው፤ ድሀውስ? በብዙ ሬሳ አፍ ውስጥ አንድ ሳንቲም ያኖሩ ነበር፤ የሙታንን ወንዝ በጀልባ ለሚያሻግረው መክፈያ ነው። ከወንዙ ማዶ የሚጠብቀው ጥላ ሆኖ መኖር ነው፤ ፀሐይ የለበትም፣ ደስታም የለበትም። በሮማውያን መቃብር ላይ እየተደጋገመ ከመለመዱ የተነሣ በመጀመሪያ ፊደሎቹ ብቻ የሚጻፍ ቃል ነበር፦ «አልነበርኩም፤ ነበርኩ፤ የለሁም፤ ግድ የለኝም።» ይህን ቃል መጀመሪያ ሳነብ ደነገጥኩ። እናቱን የቀበረ ሰው ይህን አስቀርጾ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ግብጻውያኑ ተስፋ ነበራቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። የሞተ ሰው ኦሲሪስ ፊት ይቀርባል፣ ልቡ በሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ በሌላው ወገን የእውነት ላባ ይቀመጣል። ልቡ ከከበደ አውሬ ይበላዋል። ነገር ግን ምን ያደርጉ እንደ ነበር ልንገርሽ፦ በሬሳው ደረት ላይ ጢንዚዛ የተቀረጸበት ድንጋይ ያኖራሉ፤ ድንጋዩም ላይ «ልቤ ሆይ፣ አትመስክርብኝ» የሚል ልመና ይጽፋሉ። የሚያምር ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። የገዛ ልቡን እንዳያጋልጠው የሚለምን ሰው! ሌላም አለ። በእስክንድርያም በሮምም በመቃብሮች ላይ «ኦሲሪስ ቀዝቃዛውን ውሃ ይስጥህ» ተብሎ ተጽፎ ተገኝቷል። የጠማው ሰው ጸሎት ነው።

አንቺ ይህን ስታነቢ ነዌ ትዝ እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ በሲኦል ሆኖ አልዓዛር የጣቱን ጫፍ ውሃ ነክሮ ምላሱን እንዲያበርድለት የለመነው ባለጠጋ። በላዔ ሰብእም ትዝ ይልሻል፤ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ተአምሩ ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምተሻል! እዚያም ሚዛን አለ። ሰው ሲበላ የኖረው ሰው ነፍሱ ስትመዘን በአንድ ወገን ያ ሁሉ ደም ተቀመጠ፤ በሌላው ወገን በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውሃ ተቀመጠ፤ ውሃው መዘነ። ሚዛን ሚዛንን መምሰሉ አያስደንግጥሽ። ሰው ፈጣሪው እንደሚፈርድበት ልቡ ያውቃል፤ ዳንኤልም ለብልጣሶር «በሚዛን ተመዘንህ፣ ቀልለህም ተገኘህ» ብሎታል። በግብጻዊው ሚዛን ላይ ያለው የሰውየው ልብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልቡን ዝም ለማሰኘት ድንጋይ ይፈልጋል። በላዔ ሰብእ የዳነው ግን የበላውን እንዳልበላ አስመስሎ አይደለም። ምሕረት ስለ ቆመለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ንግግር ልምጣ።

ቆስጠንጢኖስ የነገሠው በ306 ነው፤ ክርስቲያኖች በነጻነት እንዲያመልኩ የተፈቀደው በ313 ነው። ስለ ሴራፒስ አመጣጥ የጻፈው ያው ታሲተስ ደግሞ ኔሮን ንጉሥ በ64 ከተማይቱ ስትቃጠል በክርስቲያኖች ላይ እንዳላከከ፣ የአውሬ ቆዳ አልብሶ ለውሾች እንደሰጣቸው፣ እንደ መብራትም ሌሊት እንዳቃጠላቸው ጽፏል። ታሲተስ ክርስቲያን አልነበረም፤ ይጠላን ነበር። የሆነውም አንቺ በምትረግጪው ከተማ ነው፤ ቆስጠንጢኖስ ከመንገሡ 240 ዓመት ያህል አስቀድሞ። ልጁ ሴራፒስን በታሲተስ ካመነ፣ ይህንንም በእርሱ ይመን። ያልተወለደ ንጉሥ ለፈጠረው እምነት ማን በእሳት ይነዳል?

ዳኬዎስ በሮም በነገሠ ጊዜ ደግሞ የግዛቱ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ታዘዘ፤ የሠዋም የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከእነዚህ ወረቀቶች ከአርባ የሚበልጡ ከግብጽ አሸዋ ውስጥ ወጥተዋል። አንዱ በ250 የተጻፈ የአንድ መንደር ሽማግሌ ማመልከቻ ነው። ዲዮጋንስ ይባላል፣ ዕድሜው 72 ነው፣ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። «ሁልጊዜ ለአማልክት ሠውቻለሁ፤ አሁንም በፊታችሁ ሠዋሁ፣ ወይን አፈሰስኩ፣ ከመሥዋዕቱም ቀመስኩ፤ ይመስከርልኝ» ይላል። ሰውየው ክርስቲያን ይሁን አረማዊ ወረቀቱ አይናገርም። እኔ ግን ያን ጠባሳ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ጸሐፊው ማንነቱን እንዳይስት ቅንድቡን አይቶ መዘገበው፤ ልቡን ማየት አላስፈለገውም። ንጉሥ የሚሠራው ሃይማኖት እዚህ ድረስ ነው፤ እጅህ ዕጣን ይጣል፣ አፍህ ይቅመስ፣ ከዚያ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ። ናቡከደነፆርም 60 ክንድ የወርቅ ምስል አቁሞ ከሠለስቱ ደቂቅ የፈለገው የጉልበታቸውን መንበርከክ ነበር።

«ታዲያ ቆስጠንጢኖስ ኒቅያ ላይ ጉባኤ ሰብስቦ አልነበረም ወይ?» ይልሽ ይሆናል። አዎ፣ በ325 ሰብስቧል። ነገር ግን ወደዚያ ከመጡት አባቶች መካከል የግብጹ ጳፍኑትዮስ በስደቱ ጊዜ አንድ ዓይኑን ያጣ ነበር። ዓይኑን ለእምነቱ የሰጠ ሰው እምነቱን ከቤተ መንግሥት ሊቀበል ይመጣል? የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስንም ተመልከቺ። ራሱ ቆስጠንጢኖስ በ335 ወደ ጋሊያ አጋዘው፤ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። እምነቱ የንጉሥ ቢሆን ኖሮ የእምነቱን ጠበቃ ንጉሥ ባላጋዘው። ቆስጠንጢኖስን ቤተ ክርስቲያን ታከብረዋለች፣ ሰላም ሰጥቷታልና። የተጠመቀው ግን ሊሞት ሲል በ337 ነው፤ ከእርሱ በፊት ሚሊዮኖች በተጠመቁበት ውሃ።

የእኛ አገር ነገርማ ይበልጥ ግልጽ ነው። ኢዛና በአክሱም ድንጋይ ላይ መጀመሪያ ያስጻፈው «የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ» ብሎ ነው፤ ማሕረም የጦርነት አምላካቸው ነበር። ካመነ በኋላ ባስጻፈው ላይ ድሉን የሚሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው፤ በገንዘቡም ላይ በጨረቃ ምልክት ፈንታ መስቀል ገባ። የአምላክ ልጅ የነበረው ንጉሥ ሲያምን ሰው ሆነ! ይህን ለልጁ ንገሪው። የሮሙ ንጉሥ ቆንስጣንዲዮስም የአርዮስን ወገን ይዞ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ እኔ የሾምኩት ጳጳስ እምነቱን ይመርምረው ብሎ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ አስቀምጦልናል። ፍሬምናጦስን እኛ እስከ ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን፤ ያ ታላቅ ንጉሥ ያዘዘውን እምነት አልያዝንም።

አንድ ነገር ግን አትካጂ። በ391 አካባቢ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በአባ ቴዎፍሎስ ዘመን የሴራፒስ ቤተ መቅደስ ሲፈርስ በከተማይቱ በሁለቱም ወገን ደም ፈስሷል። ምስሉን የነካ እንደሆነ ሰማይ ይወድቃል ይባል ነበር፤ አንድ ወታደር በመጥረቢያ መታው፣ ሰማይ አልወደቀም፤ ከእንጨቱ ራስ ውስጥ አይጦች እየሮጡ ወጡ ብሎ ቴዎዶሬጦስ ጽፏል። የፈሰሰው ደም ግን ደም ነው። ነገሥታት ሃይማኖታችንን ለፈቃዳቸው የተጠቀሙበት ዘመንም ነበር፣ በእኛም አገር። ልጁ ይህን ቢያነሳብሽ እውነት ነው በዪው።

ሙዚየም መግባትሽ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና እየተዘዋወረ መሠዊያዎቻቸውን አንድ በአንድ አይቷል፤ ባያይ ኖሮ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለውን ጽሕፈት ከየት ያገኝ ነበር? ሙሴም የግብጻውያንን ጥበብ ተምሯል። ኃጢአት የሚሆነው መስገድ፣ ማጠን፣ ስእለት መሳል ነው፤ ማየት አይደለም። «ዓይን አላቸው አያዩም» የተባለለትን ድንጋይ አንቺ ዓይን ስላለሽ አየሽው፣ በቃ። ጠበል ልረጭ ብለሽ አትጨነቂ። እንደ ልማድሽ ማታ ውዳሴ ማርያም ድገሚና ተኚ። አሮጊቷም ሌሊት ውሃ ስትጠይቅሽ ተነስተሽ ስጫት፤ ጥርኝ ውሃ እንዴት እንደሚመዝን ታውቂያለሽ።

ሚያዝያ 30 ቀን ከቻልሽ ቅዳሴ አስቀድሺ። የቅዱስ ማርቆስ ዕረፍት ነው። ስንክሳሩ ሲነበብ ሐዋርያው በእስክንድርያ ጎዳና በገመድ እንዴት እንደ ተጎተተ ትሰሚያለሽ። ከትንሣኤ በዓል ላይ የያዙት ሰዎች የመጡት፣ አባቶች እንዳቆዩልን፣ ያን ዕለት የሴራፒስን በዓል ሲያከብሩ ውለው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።