ሐረጎን ሳትወጣ መኪና አትግዛ

ባለፈው እትም ከሐይቅ አንድ መምህር የላከልንን ጥያቄ አውጥተን፣ ኮሮላ ያላችሁ፣ የነበራችሁ፣ ሸጣችሁም የተቆጫችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። ጻፋችሁልን፣ ኑሩልን። ሁሉን ለማውጣት ገጹ አይበቃም፤ ጥቂቱን ከነመልሴ እነሆ። መጀመሪያ ግን የመምህሩን ጥያቄ ላላነበባችሁ አሳጥሬ ልድገመው።

«ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ስድስት ዓመት ያጠራቀምናት ብር አለች። እኔ ከሐይቅ ደሴ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ነው የምትሠራው፣ በሳምንት ሁለቴ እኔ ነኝ የማመጣት። ለበዓል ከነልጆቹ መርሳ ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን፤ ስንመለስ ጤፉም ዶሮውም አብሮ ይጫናል። አሁን የ2004 ስሪት ኮሮላ፣ 1.6 ማንዋል አግኝቻለሁ። በዚያው ብር የ2014 ሱዙኪ ዲዛየር ይገኛል። ወንድሜ ‹አዲሱን ትተህ ሃያ ዓመት ያለፈውን ልትገዛ ነው?› ይለኛል። መካኒኩ ደግሞ ከኮሮላ ሌላ አትንካ ይላል። ማንን ልስማ?»

(የስሪት ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ባለ ኮሮላዎቹ እንዲህ ይላሉ።

ከደሴ ሸዋ በር የጻፈ ነጋዴ፦ «መኪናዬን ከያዝኳት 11 ዓመት ሆነኝ። ሞተሯ ወርዶ አያውቅም። ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፣ አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም። ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ የፊት አሞርዛተር ሦስት ጊዜ። ጎሚኒና ቴስቲና (የእግሯን ዕቃዎች) ግን ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ ረስቼዋለሁ፣ መንገዳችንን ታውቁታላችሁ። መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ባለቤቴን ሌሊት 9 ሰዓት ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሰችን እሷ ናት። እንዴት ብዬ ልሽጣት?»

ከወልድያ፣ መድኃኒት ቤት ያላት እህት፦ «እኔ ከሸጥኩት ቆየሁ። የገዛሁበትን ብር መልሼ ትርፍ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ያንኑ ዓይነት ልግዛ ብል በሸጥኩበት ብር ግማሹን አላገኝም። እባካችሁ ጤነኛ ኮሮላ በእጃችሁ ካለ ቶሎ አትሽጡት።»

ከኮምቦልቻ የጻፈ የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ አይስማማም፦ «የምትከፍሉት ለስሙ ነው። እኔ የገዛሁት በሦስት ሰው እጅ ያለፈ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ራዲያተር፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ)፣ ቀጥሎ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)። ደላላው ‹ኮሮላ አይሞትም› ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ በዲዛየር በአንድ ሊትር 16 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የኔው 12 አይሞላም።»

መልስ፦ መምህር፣ አብሽር። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። የሸዋ በሩ ሰው የገዛው መኪና ነው፤ የኮምቦልቻው ልጅ ግን የገዛው ስም ነው። ሁለቱም ሊብሬ ላይ «ኮሮላ» ተብሎ ቢጻፍም አንድ ዕቃ አይደሉም። ከሃያ ዓመት በኋላ ፋብሪካው የሠራው ሳይሆን ባለቤቶቹ የያዙት ነው የሚሸጥልህ።

ዋጋውን በተመለከተ ወንድምህ የረሳው ነገር አለ። በኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው፣ ዕቃው ደሴ ባይገኝ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በአውቶብስ ተጭኖ በማግስቱ የሚደርስልህ ይፈለጋል። ለኮሮላ የምትጨምረው ብር ጠፍቶ የሚቀር ብር አይደለም። ሞተሩን ካላቃጠልከው ስትሸጠው ይመለስልሃል።

ነዳጁንም እናስላው። ሐይቅ ደሴ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻውን ጨምረህ በወር 1,600 ትሄዳለህ እንበል። በሊትር 12 ከሆነ 133 ሊትር፣ በሊትር 16 ከሆነ 100 ሊትር። በወር የ33 ሊትር ልዩነት ነው። በመምህር ደመወዝ ይህ ቀላል አይደለም፣ እኔም ቀላል ነው አልልህም። ብቻህን ሐይቅ ደሴ ብትመላለስ ኖሮ «ዲዛየሩን ግዛ» ብዬ እዚሁ አቆም ነበር። አንተ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን ትወጣለህ፣ ቤተሰብም ትጭናለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም እንደ ሰው ያለከልካል። ስለዚህ ፋብሪካው 110 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው የኮሮላው 1.6 ሞተር ደሴ ላይ 82 ገደማ ነው የሚሰጥህ። 86 ያለው የዲዛየሩ 1.2 ደግሞ 64 ገደማ። ዲዛየሩ ቀላል መኪና ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ብዙ አይታወቅም። አምስት ሰውና ከኋላ ጤፍ ሲጫንበት ግን ዳገት ላይ ማርሽ እየቀነስክ፣ ሞተሩን እያስጮህክ ነው የምትወጣው።

ሙቀቱ ከጉልበቱ ይብሳል። ደሴ ላይ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያውቃሉ። ምክንያቱ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነው። የመኪናችን ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አጠገብ ባለ ሙቀት ነው። ታዲያ ራዲያተሩ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ውሃውን አምቆ ስለሚይዘው ነው። ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ፣ ስፕሪንጉ ሲላላ ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል። ቆላ ላይ ምንም ያልታየበት መኪና ሐረጎ ላይ ይፈላል። ሰውዬው ውሃ ጨምሮ ይቀጥላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይፈላል። ሦስተኛው ላይ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል፣ ከዚያ «ኮሮላ ድሮ ቀረ» ይባላል። በአንድ ክዳን ምክንያት ስንት ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ! ወንድሜ የገዛት መኪና እንዲህ ነበረች፤ የሸጠለት ሰው ችግሩን ያውቅ ነበር፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ደሴ ውስጥ ብቻ አዙሮ አሳየው። ወንድሜ ያን ዓመት ሙሉ በዕዳ ነበር ያሳለፈው። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

እና ምን ታደርጋለህ? ሻጩን «ኮምቦልቻ ደርሰን እንመለስ» በለው። እንቢ ካለህ ሰላም ብለህ ሂድ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሻጩ ጋ ድረስ። ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን ዳስሰው፤ ሞቆ ከጠበቀህ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። የዘይት መክፈቻውን ገልብጠህ እይ፤ ክሬም የመሰለ ነጭ ነገር ካለው ውሃና ዘይት ተገናኝተው ይሆናል። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ክፈት። ውሃው የዛገ ቡናማ ከሆነ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። ከዚያ ቁልቁል ሂዱ። ስትወርድ ማርሽ እንዳትነቅል፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ያዘው፣ ሞተሩ ራሱ ይጎትትህ። ረጅም ከወረድክ በኋላ ነዳጅ ስትሰጠው በመስታወት ወደ ኋላ እይ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ዘይት ይበላል። ይህ በተለይ ላንተ ያስፈልግሃል፤ የዚያ ትውልድ 1.6 እና 1.8 ሞተሮች እስከ 2005 አካባቢ በተሠሩት ላይ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በጥቀርሻ ይደፈናሉ፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ይያዛል። ሁሉም አይበላም። ዘይቱ በጊዜው ሲቀየርለት የኖረ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ የሸዋ በሩን ሰው አስታውሰው።

ታች ስትደርሱ የፊትና የኋላ ቸርኬዎቹን ጠጋ ብለህ አሽት። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተህ፣ ወይም ፍሬኑ ሲረገጥ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዋጋ አስቀንስበት። መልሱን አራት ሆናችሁ ውጡ፣ ኤሲ ካለው ከፍታችሁ። ዓይንህ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። መርፌው ከመሐል ሳይነቃነቅ ደሴ ፒያሳ ከገባ መኪና አግኝተሃል።

መካኒክህን ይዘህ ሂድ፣ ግን ደላላው ያመጣልህን መካኒክ አይደለም።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ያ ኮሮላ ሐረጎን ካለፈ ኮሮላውን ውሰድ። ካላለፈ ሌላ ኮሮላ አትፈልግ፣ ዲዛየሩን በዚያው መንገድ ፈትነህ ግዛ፤ የታመመ ኮሮላ ከጤነኛ ዲዛየር አይሻልም። አንድ ጥሩ ነገር፣ የ1.6 ሞተሩ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ከሱ በፊት እንደነበሩት ኮሮላዎች በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) ቀይር አይልህም። ካለህ ብር ግን ሁሉንም ለሻጩ እንዳትሰጥ። በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት፣ የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይት ያስፈልግሃል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ሲሞቅ ይፈላል፤ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። ለመርሳው ጉዞ ደግሞ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ሥር መከላከያ ላሜራ ያለው መሆኑን እይ፣ ከሌለው አሠራ።

ጥያቄ፣ ከኩታበር፦ «የ2003 መኪና ነው፤ 98 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው ይሉኛል። ልመን?»

መልስ፦ ቆጣሪው ይመለሳል፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማ ግን አይመለስም። ፔዳሉ የተላጠ፣ መሪው አልቆ የለሰለሰ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ የተበላ ከሆነ 98 ሺህ አይደለም። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የባለቤቶቹን ብዛት ነው የምጠይቀው።

ጥያቄ፣ ከባቲ፦ «የኮሮላዬ የኤርባግ መብራት አልጠፋ ብሎ ባለሙያው አምፖሉን ነቀለልኝ። አሁን አይበራም። ችግር አለው?»

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ ትልቅ ችግር ነው። የነቀለልህ በሽታውን ሳይሆን በሽታውን የሚነግርህን ነው። አምፖሉን አስመልሰው፣ ምርመራ አድርግ። ሌላም ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ውስጣቸው ያለው ማፈንጃ ይበላሻል፤ ሲፈነዱ ብረቱን ሰንጥረው ወደ ሰው ይወረውራሉ። ሰው ሞቶበታል። በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የብዙ ፋብሪካ መኪኖች ለቅያሪ ተጠርተዋል፣ ከ2003 ጀምሮ የተሠሩ በርካታ ኮሮላዎችም አሉበት። አንተ ያለህበት ቆላ ደግሞ የሙቀት አገር ነው። ከሊብሬህ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ገልብጠህ የቶዮታ ወኪልን ጠይቅ። እስኪጣራ ድረስ በደረትህና በመሪው መካከል ርቀት ጠብቅ፣ ቀበቶህንም እሰር።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሆጤ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፦ «ልጄ፣ ልጆቼ ከውጭ ብር ልከው ኤሌክትሪክ መኪና ግዢ ይሉኛል። እኔ ደሴ ውስጥና ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ነው የምሄደው። አሮጌ ኮሮላ አይሻለኝም?»

መልስ፦ እማማ፣ ለርስዎ ጉዞ ኤሌክትሪኩ ይስማማል። ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ አየር አይፈልግማ። ሐረጎን ሲወርዱ መኪናው ራሱ እየያዘ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላል፣ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል። ግቢዎ ውስጥ የራስዎ ቆጣሪ ካለና ማታ ማታ መሰካት ከቻሉ ይግዙ። ሲገዙ ግን የባትሪው ጤንነት በኮምፒውተር ተለክቶ በወረቀት ይሰጥዎ። የሚከራዩ ከሆነና ቆጣሪው ከአከራይ ጋር የጋራ ከሆነ ይህንን አስቀድመው ከአከራይዎ ጋር ይጨርሱ። አዲስ አበባ ለመሄድ ሲያስቡ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ የታርማበር ዳገትም መሐል ላይ አለ፤ ለዚያ ለዚያ በአውቶብስ ይሂዱ።