ሙዚቃን በኢንተርኔት ልማር ወይስ ይቅርብኝ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ዕድሜዬ 23 ነው። በሳምንት ሦስት ምሽት በአንድ የባህል ምግብ ቤት ክራር እጫወታለሁ፤ ቀን ቀን በላፕቶፔ ቅንብር እሞክራለሁ። ፍላጎቴ አቀናባሪና የስቱዲዮ ባለሙያ መሆን ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «የኦንላይን ዲግሪ ጀምር፣ እኔ እከፍላለሁ» ይለኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ «ያሬድ ግባ» ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ዲግሪውን አሁን አይጀምሩ። ወንድምዎ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት መለየት ያለበት ነገር አለ፤ የሙዚቃ ሙያዎች ሁሉ በኢንተርኔት እኩል አይማሩም። ቀረጻ፣ ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) እና ማስተሪንግ (ያለቀውን ሥራ ለመውጣት ማጠናቀቅ) በደንብ ይማራሉ፤ ሥራው ራሱ ኮምፒውተር ላይ ነውና። መምህሩ ፋይልዎን ከፍቶ ቤዙ ከድራሙ ጋር የተጋጨበትን ቦታ ያሳይዎታል፤ አጠገብዎ ቢቀመጥም ከዚህ የተለየ አያደርግም። የመሣሪያ ትምህርት ግን ሌላ ነው። የተበላሸ የእጅ አያያዝ በስልክ ካሜራ ሳይታይ ለወራት ሊቆይና ሊለመድ ይችላል። ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋር በኢንተርኔት አብሮ መጫወት ደግሞ ከነጭራሹ የሚሆን አይደለም፤ ፈጣን ኢንተርኔት በመግዛትም አይፈታም። ብርሃን በፋይበር መስመር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የኦንላይን ዲግሪ የሚሰጠው በርክሊ ኮሌጅ ያለባት የአሜሪካዋ ቦስተን ከባሕር ዳር ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቢሆን እንኳ ድምፅዎ እዚያ ለመድረስ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። አብረው የሚጫወቱ ሰዎች መዘግየቱ ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲያልፍ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይጎተታል።

ዋጋውን እንመልከት። የቦስተኑ በርክሊ ኮሌጅ የኦንላይን ባችለር ዲግሪ 120 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ኮርስ 12 ሳምንት ይወስዳል፣ ለመግባት የመሣሪያ ፈተና የለውም፣ ጠቅላላ ክፍያው ከ60,000 ዶላር ይበልጣል። ሙላቱ አስታጥቄ የተማሩበት ቤት በመሆኑ ስሙ በብዙ ወጣት ሙዚቀኛ ዘንድ ትልቅ ክብደት አለው። እሳቸው የተማሩት ግን ቦስተን ድረስ ሄደው፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ሆነው ነው፤ የኦንላይኑ ዲግሪ ይህንን አይሰጥዎትም። ወንድምዎ መሃል ላይ ክፍያው ቢከብደው እርስዎ በብር ሊቀጥሉት አይችሉም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ያስታውሱ። ሰዓቱም አለ። ቦስተን ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀመር የቀጥታ ክፍል እርስዎ ዘንድ በነሐሴ ከሌሊቱ 9፣ በጥር ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዛውራሉ። ከምሽት ሥራ ተመልሰው በዚያ ሰዓት መቀመጥ አንድ ሳምንት ይቻላል፣ አራት ዓመት አይቻልም።

ያሬድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ከፒያኖና ከሌሎች የምዕራብ መሣሪያዎች ጎን ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት ያስተምራል። ለክራርዎ ከዚያ የተሻለ ኮርስ በኢንተርኔት አያገኙም። ከትምህርቱ እኩል የሚጠቅምዎት ደግሞ አብረውዎት የሚማሩት ሰዎች ናቸው፤ ነገ ቤዝ ተጫዋች ሲፈልጉ የሚደውሉላቸው፣ ክራር ሲፈለግም የሚደውሉልዎት እነሱ ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ዲግሪ የሚጠይቅዎት ሰው እምብዛም የለም፤ የሚጠየቁት የሠሩትን ማሰማት ነው። መምህር መሆን ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሙዚቃ ባለሙያነት መቀጠር ካሰቡ ግን ወረቀቱ ያስፈልጋል። የኦንላይኑ ዲግሪ እዚህ ተቀባይነት እንዳለው የሚጠይቁት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ነው፤ ይጠይቁም፣ ግን ከመመዝገብዎ በፊት ይሁን።

ከመወሰንዎ በፊት 12 ሳምንት ራስዎን ይፈትኑ። በርክሊ ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ በኩል የሚሰጣቸው የሙዚቃ ፕሮዳክሽን መግቢያ ኮርሶች አሉ፤ መክፈል ላልቻለ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሦስት የሚወዷቸውን ዘፈኖች መርጠው ቤዙንና ድራሙን በጆሮዎ ብቻ እየለቀሙ በሚዲ (ኮምፒውተሩ በሚያጫውተው ኖታ) ይጻፏቸው። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል፣ የቅንብር ትምህርቱ ግን ዋናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የራስዎን አንድ ሥራ አቀናብረው ክራሩን ራስዎ ይቅዱ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ለሚክስ ይተዉ። ሲጨርሱ በሥራ ላይ ላለ አቀናባሪ አሰምተው «ይህን ለደንበኛ የሚያስረክቡት እርስዎ ቢሆኑ ምኑን ይቀይሩታል?» ብለው ይጠይቁ፤ «ጥሩ ነው ወይ?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት ይሉኝታ ብቻ ነው። በ12 ሳምንት አንድም ሥራ ካላለቀልዎት ዲግሪው አያስጨርስዎትም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ያስጀምራል፣ 16 ቢሆን ይመረጣል። ሁለት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ፣ ጆሮ የሚሸፍን ዝግ ሄድፎንና አንድ ማይክ ይበቃል። ክፍልዎ ወደ መንገድ የሚያይ ከሆነ 48 ቮልት የሚፈልገውን ኮንደንሰር ማይክ ትተው ዳይናሚክ ይግዙ፤ ኮንደንሰሩ የክራሩን ክር ጥርት አድርጎ ያነሳል፣ የባጃጁንም ድምፅ እንዲሁ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ይቅዱ፤ የድምፁ ጫፍ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው መሃል ይዋል። ብዙ ጀማሪ የመለኪያውን ቀይ እየነካ ይቀዳል፤ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በሚክስ አይመለስም። ሲቀዱ በፈርን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያቆይበትን መጠን) 128 ላይ፣ ሚክስ ሲያደርጉ 1,024 ላይ ያድርጉት። የመጀመሪያው በሄድፎን የሚሰሙት እንዳይዘገይ ነው፣ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ እንዳይንተፋተፍ።

ከቀረጻና ቅንብር ሶፍትዌሮች ሪፐር 60 ቀን በነጻ ያስሞክራል፤ ለግለሰብና ለአነስተኛ ንግድ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ አንዴ ከተገዛ ቀጣይ ማሻሻያው ነጻ ነው። የተሰበረ (ሳይገዛ መቆለፊያው የተፈታ) ኮፒ ይዘው ኦንላይን ትምህርት አይጀምሩ፤ መምህሩ የላከው ፕሮጀክት ሲከፈት ግማሹ ፕለጊን (ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራም) ይጎድላል፣ ችግሩ የት እንዳለ ማንም አያውቅልዎትም።

ከመመዝገብዎ በፊት ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ሥራዬን የሚያርመው መምህሩ ነው ወይስ ሌላ ተማሪ? በስንት ቀን? አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይዟል? የቀጥታው ክፍል ተቀድቶ ይቀመጣል? የፋይል መጠንንም አይርሱ። አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 20 ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 690 ሜጋባይት ይደርሳል። በየሳምንቱ ይህን መላክ ግዴታ ከሆነ የዳታው ወጪ ከትምህርቱ ክፍያ ጋር አብሮ ይታሰብ። «እያንዳንዱ ቪዲዮ አለ፣ ማየት ብቻ ነው» ከሚል ኮርስ ይራቁ፤ ቪዲዮ በነጻም ሞልቷል፣ ገንዘብ የሚከፈለው ለሚያርም ጆሮ ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኪቦርድ እጫወታለሁ። በኦንላይን የሙዚቃ ቲዎሪ እየተማርኩ ነው። የተማርኩትን ኮርድ አምባሰል ላይ ሳስገባ ግን ዜማው ይጠፋብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የትምህርቱ?

መልስ፦ ትምህርቱ ትክክል ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ሙዚቃ ነው። በእነዚያ ኮርሶች ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የሚገነባው በሰባት ድምፅ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ላይ፣ አንዱን ድምፅ እየዘለሉ በመደርደር ነው። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። አምባሰልን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። በዶ ላይ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ሲያደርጉ ሚ ወይም ሚ ፍላት ያስገባሉ፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ጆሮዎ የተቃወመው እነሱን ነው።

በቅኝቱ ድምፆች ብቻ የሚገኙት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ሬ ፍላት ሜጀር (ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት) እና ፋ ማይነር (ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ)። በመነሻው በዶ ላይ ሚ የሌለበትን ዶ፣ ፋ፣ ሶል ወይም ባዶውን ዶ እና ሶል ይጠቀሙ። እዚህ ላይ ብዙ አቀናባሪ የሚሳሳትበት አለ። እነዚህ አምስት ድምፆች ከፋ ተነስተው ቢቆጠሩ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ይሆናሉ፤ ይህም ግማሽ ትዝታ ነው። ስለዚህ ቤዙ ፋ ላይ ከቆየና ፋ ማይነር ከተደጋገመ፣ ድምፃዊው አምባሰል እየዘፈነ አድማጩ ትዝታ ይሰማል። ቤዙን ወደ ዶ ይመልሱት፤ ሐረጉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በተለይ።

አንቺሆዬ የባሰ ያስቸግራል። በኪቦርድ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ በማሲንቆና በድምፅ ግን ከቁልፎቹ መሃል የሚያርፉ ድምፆች አሉት። የድምፃዊውን ድምፅ ወደ ኖታ የሚያርመው አውቶ ቱን በሜጀር ኪይ ተዘጋጅቶ ከተለቀቀበት ሬ ፍላቱን ወደ ዶ ወይም ወደ ሬ ይጎትተዋል፣ ዘፈኑም ቅኝቱን ያጣል። አምስቱን ድምፅ ብቻ ለይተው ያብሩ፣ የእርማቱን ፍጥነት ያዘግዩት፤ ድምፃዊው የተካነ ከሆነ ጨርሶ ያጥፉት። ቺክቺካ ለሚባለው የባህል ምትም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት 4/4 ላይ ነው፤ ወደ 6/8 ካልቀየሩት ኳንታይዝ ሲያደርጉ (ምቱን በፕሮግራሙ ሲያስተካክሉ) ምቱን እያጣመመ ከማይመጥነው ፍርግርግ ላይ ያስቀምጠዋል። ከቀየሩም በኋላ ኳንታይዙን ከግማሽ ብዙ አያሳልፉት፤ የከበሮው ሕይወት በዚያ ትንሽ መዛነፍ ውስጥ ነው።

ኮርሱን አይተዉ፤ ኖታ ማንበብና የጆሮ ልምምድ ይሰጥዎታል። የቅኝቱን ትምህርት ግን ከአገር ቤት መምህር ጎን ለጎን ይያዙ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ነኝ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት አገኛለሁ። ድምፃዊት ለመሆን በኢንተርኔት ብማር ይሳካልኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ መጀመር ይችላሉ። ከቪዲዮ ኮርስ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚያዳምጥዎትን የድምፅ መምህር ይፈልጉ፤ አማርኛ የሚናገርና ቅኝት የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። በዙም ከሆነ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ያብሩት፤ ካልበራ ፕሮግራሙ ረጅም ድምፅዎን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል፣ መምህሩም ያልሠሩትን ስህተት ያርማል። ስልኩን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ፣ ከደረትዎ ትይዩ፣ ትንሽ ወደ ጎንዎ ፈቀቅ አድርገው ያቁሙት፤ መምህሩ የትንፋሽ አወሳሰድዎን የሚያየው ሆድዎና ጎንዎ ሲታየው ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ አይጠቀሙ፣ ይዘገያል፤ ባለ ሽቦው ርካሽም የተሻለም ነው። ጮክ ብለው መዝፈን የማይችሉበት ቤት ከሆነ በቀን 15 ደቂቃ በዝግ አፍ ማዜምና በከንፈር ንዝረት መለማመድ ድምፁን ያነቃል። በሹክሹክታ አይለማመዱ፤ ጉሮሮን ያደክማል። ለትልቅ ትምህርት ቤት ግን ደመወዝዎን አሁን አያውጡ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አዲስ አበባ ላሉ ድምፃውያን ከዚህ ሆኜ አቀናብራለሁ። የሙዚቃ ቢዝነስ ኮርስ በኦንላይን ብወስድ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ለእርስዎ አዎ። እነዚህ ኮርሶች የሚያስተምሩት የአሜሪካን ሕግ ነው፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው ሩቅ ነው፣ ለእርስዎ ግን የደጅዎ ነገር ነው። ዜማ ወይም ግጥም የእርስዎ ከሆነ ዘፈን በአደባባይ ሲሰማ የሚከፈለውን በሚሰበስቡት በአስካፕ ወይም በቢ.ኤም.አይ. ይመዝገቡ፤ በአንዱ እንጂ በሁለቱም አይሆንም። ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ ስትሪሚንግ ድርጅቶች ለዜማና ለግጥም ባለቤት የሚከፍሉትን የሜካኒካል (የሥራው መባዛት) ድርሻ የሚሰበስበው ዘ ኤም.ኤል.ሲ. ነው። የዲጂታል ሬዲዮ ክፍያ ለተቀዳው ድምፅ ባለቤትና ለተጫዋቾቹ በሳውንድ ኤክስቸንጅ በኩል ይመጣል። ሦስቱ የተለያዩ ኪሶች ናቸው፤ በአንዱ ተመዝግቦ ሌላውን የረሳ ሰው ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

ኮርሱ የማይነግርዎት የአዲስ አበባውን ወገን ነው። እዚያ የሚገዛው በአዋጅ 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ነው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ አሜሪካ ውስጥ 70 ነው። በቃል የተስማሙት ነገር ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ይጣላልና ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፉ፤ የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤት ማን ማን እንደሆነ፣ ድርሻው በመቶኛ፣ የተቀዳው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው ማን እንደሆነ፣ ቀንና ፊርማ። 12 ፊደልና ቁጥር ያለውን የቀረጻውን መለያ ኮድ ዘፈኑን ወደ ስትሪሚንግ ድርጅቶች የሚያደርሰው አከፋፋይ ይሰጥዎታል፤ ከዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ዘፈኑ ወደ ሌላ አከፋፋይ ቢዛወር ያው ኮድ አብሮት ይሂድ፤ አዲስ ኮድ ከተሰጠው እስከዚያ የተደመጠበት ቁጥር ለሁለት ይከፈላል።