አሞርዛተርና ሞላ ግቢ ውስጥ ይቀየራል ወይ? የአንባቢያን የመኪና ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍሎት ከአዳማ ነው። 2003 ሞዴል ቪትዝ አለኝ፣ ጉድጓድ ወይ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ስወጣ ከፊት በግራ በኩል ቋ ቋ ይላል። ጋራዥ ወስጄው ዞር ዞር ብለው አዩትና የፊቱ ሁለቱም አሞርዛተር ከነሞላው ይቀየር አሉኝ፣ የጠሩት ዋጋ ደሞ አይቀመስም። ወንድሜ ትንሽ ትንሽ መፍታት መግጠም ይችላል፣ ግቢያችንም ሲሚንቶ ነው፣ ዕቃ ገዝተን ራሳችን ብንቀይረውስ? ሞላውስ የግድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋጋውን ከማውራታችን በፊት ድምጹ ከየት እንደሆነ ይታወቅ። ቋ ቋ ያለ ሁሉ አሞርዛተር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ የምታገናኝ አጭር ብረት) ወይ የብራቾ ጎሚኒ (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ ላይ ያለ ላስቲክ) ሆኖ ይገኛል፣ ሊንክ ደሞ ከአሞርዛተር ጋር ሲተያይ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ እጅህን ከኋላው አስገብተህ ሊንኩን ያዝና ነቅንቀው፣ ከተንቋቋ ጥፋተኛውን አገኘኸው፣ ሌላውን ለጊዜው ተወው። እሱ ደህና ከሆነ ኮፈኑ ጥግ ላይ ተደግፈህ መኪናውን ወደታች ተጫንና ባንዴ ልቀቀው፣ ወጥቶ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው፣ እየተወዛወዘ ከቀጠለ አሞርዛተሩ ደክሟል። በዚህ ብቻ ግን አትተማመን፣ ጎንበስ ብለህ አካሉን እየው፣ ዘይት ረጭቶ አቧራ የተለጠፈበት ከሆነ አበቃለት ማለት ነው። ጎማውም ላይ እጅህን አሳልፍ፣ ጥርሱ ቦታ እየመረጠ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ከተበላ እሱም ምልክት ነው።

ሞላውን በተመለከተ ጋራዡ ትንሽ የቸኮለ ይመስለኛል። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው፣ አሞርዛተሩ ስራው ሞላው ሲዘል ማስቆም ነው፣ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የዝላዩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፣ ስለዚ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። ሞላ ካልተሰበረ ወይ ካልረገበ በስተቀር አይቀየርም። መርገቡን ለማወቅ መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ አቁመህ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ግራና ቀኙን በሜትር ለካ፣ በግልጽ ከተበላለጠ ጠርጥር። ስብራቱ ደሞ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ታችኛው ጥምዝ ላይ ነው፣ መቀመጫው ውስጥ ስለሚደበቅ በባትሪ ካላየኸው ያልፍሃል። አሞርዛተሩን ግን ስትቀይር ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር፣ አንዱ አዲስ አንዱ ልፍስፍስ ሆኖ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። መፍታቱንና መግጠሙን በደንብ ትችሉታላችሁ፣ ሞላውን ከአሞርዛተሩ መለየቱን ግን ትክክለኛ ሞላ መጭመቂያ ከሌላችሁ አትንኩት። ይሄንን ለማስፈራራት አይደለም የምለው፣ ያ ሞላ መኪናው ላይ እያለ ከ200 ኪሎ በላይ ተሸክሞ የሚኖር ነገር ነው፣ መኪናው ላይ ባይሆንም አሞርዛተሩ ላይ ታፍኖ ነው ያለው፣ አናቱ ላይ መሃል ያለችውን ዳዶ ሳትጨምቀው ከፈታሃት የላይኛው መቀመጫ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ በሽቦ ወይ በሰንሰለት አስሮ ይፈታል፣ ስንቴ ሰርቼዋለሁ ምንም አልሆንኩም ይልሃል፣ ጣቱን የተቆረጠው ግን መጥቶ አይነግርህም። ለናንተ የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ቤት ፈታችሁ ሙሉውን አውጡት፣ አዲሱን አሞርዛተር ጨምራችሁ መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ውሰዱት፣ እዛ ሞላውን ከድሮው ወደ አዲሱ አዙረው ይሰጧችኋል፣ ለዚች ብቻ የሚከፈለው ጠቅላላ ከጠየቋችሁ ጋር አይገናኝም፣ ከዛ ራሳችሁ ትገጥማላችሁ።

አፈታቱ ከባድ አይደለም። የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉት፣ የኋላ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ በክሪክ አንሱና ስታንድ (መኪናውን ተሸክሞ የሚያቆም የብረት መደገፊያ) አስገቡ፣ ክሪክ ብቻውን ይዞት ስር መግባት የለም፣ ድንጋይና ብሎኬት ደርድሮ መግባትም እንደዛው፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ከዛ ሊንኩን ፈትታችሁ የፍሬን ቱቦውን (ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ካለው ሽቦውንም) ከአሞርዛተሩ ላይ ታላቅቃላችሁ። ታች ሁለት ትላልቅ ቡሎኖች አሉ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ከአሞርዛተሩ ጋር የሚነካኩበትን ቦታ በቀለም ወይ በማርከር ምልክት አርጉበት፣ የጎማው ዘመም ማለትና ቀጥ ማለት እዛች ላይ ነው ያለው። ከዛገ ደብሊው ዲ ፎርቲ (ዝገት ማላቀቂያ ዘይት) ነፍታችሁ አሳድሩት። ሲፈታ ሙዞው (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ወደ ውጪ እንዳይወድቅ በሽቦ አንጠልጥሉት፣ ካልሆነ የፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይ አክሱሉ ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ይወልቃል፣ ያኔ ያላሰባችሁት ሌላ ወጪ መጣ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ አንዳችሁ ከስር ደግፋችሁ ኮፈኑ ስር ያሉትን ሦስቱን ዳዶዎች ፍቱ፣ መሃለኛዋን አትንኩ።

አዲሱን ስታስገጥሙ የድሮውን ጎሚኒና የአቧራ መከላከያ ላስቲክ መልሳችሁ አታድርጉ፣ የላይኛው ኩሽኔታም መሪ ሲዞር የሚንቀጫቀጭ ከሆነ በዛው ይቀየር፣ ለትንሽ ብር ብላችሁ እንደገና ከመፍታት። የሞላው ጫፍ ታችኛው መቀመጫ ላይ ያለችው ደረጃ ጋር በትክክል መግጠሙን ከጋራዥ ሳትወጡ እዩ። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ደሞ በፒንሳ የሚይዝ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፣ ትንሽ ከተጫረ ማሸጊያውን ይበላዋል፣ ዘይቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ላስቲክ ያለበትን ቡሎን በመጨረሻ የምታጠብቁት ጎማው መሬት ነክቶ የመኪናው ክብደት ከወረደበት በኋላ ነው፣ ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቃችሁት ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዛ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሰሩ፣ ምልክት አርገን ነበር ብላችሁ እንዳትዘሉት።

ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ ከወጣህ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ሁሉም አለ፣ ግን ያገለገለ አሞርዛተር አትግዛ፣ ሞላ ያገለገለ ቢሆን ይሁን፣ አሞርዛተር ግን ውስጡን አታየውም። ካርቶኑ ላይ ካያባ (የታወቀው የጃፓን አሞርዛተር ስም) ስላለም ብቻ አትመን፣ ከምታውቀው ሱቅ ግዛ፣ ደረሰኝም ያዝ።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ነኝ። ቪትዜ ሆዱ መሬት እየነካ አስቸገረኝ፣ ሞላው መሃል ወፍራም ላስቲክ ብታስገባ ከፍ ይልልሃል ተባልኩ። ላድርገው?

መልስ፦ ከፍስ ይላል፣ ግን ላስቲኩ የያዛቸው ጥምዞች ስራ አቆሙ ማለት ነው፣ የቀሩት ብቻቸውን ይሰራሉ፣ መኪናው እንደ ጋሪ ይደርቅብሃል። አሞርዛተሩ ደሞ አልረዘመም፣ ስለዚ ወደታች የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ ጉድጓድ በገባህ ቁጥር ጫፉ ድረስ ሄዶ ይመታል። መጀመሪያ ሞላህ ረግቦ እንዳይሆን ለካው፣ ከረገበ በትክክለኛው ሞላ መቀየር ብቻ መኪናውን ወደ ቁመቱ ይመልሰዋል። ኋላው ከሆነ የወረደው ደሞ እድለኛ ነህ፣ ቪትዝ ላይ የኋላው ሞላና አሞርዛተር ለየብቻ ናቸው፣ አካሉን ስታንድ ላይ አስቀምጠህ አክሱሉን በክሪክ ደግፈህ የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን ከፈታህ በኋላ ክሪኩን ቀስ እያልክ ስታወርደው ሞላው ራሱ ይላላል፣ መጭመቂያም አያስፈልገውም። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ብቻ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጄ ቪዲዮ አይቶ የካምሪዬን የፊት አሞርዛተር እኔ ልቀይረው እያለኝ ነው። ልፍቀድለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍቀጂለት፣ ግን ሞላውም የላይኛው መቀመጫውም አብሮ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ሙሉውን ግዢለት። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሞላ መጨመቅ ግን አይኖርም፣ የልጅሽ ስራ ቡሎን መፍታትና መግጠም ብቻ ይሆናል። እኔ ተለያይቶ ነው የምሰራው ካለሽ መጭመቂያውን እንደ አውቶዞን ያሉ የመኪና ዕቃ ሱቆች በመያዣ ያውሱታል፣ ሲመለስ ብሩም ይመለሳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰራ ልጅ ግን አልመርጠውም። እናንተ ጋ በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ቡሎኑን በደንብ ስለሚያዝገው ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ሰኞ ስራ እንዳትቀሪ፣ አርብ ማታ ዘይት ነፍቶ ያሳድረው። አፓርታማ ከሆነ ደሞ የኪራይ ውልሽን እዪው፣ ብዙ ቦታ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መፍታት ክልክል ነው፣ መኪናው ያለ ጎማ ቆሞ እያለ ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍበት ወዴትም አትወስጂውም።