ስማርት ቲቪ ወይስ ተራ ስክሪን? ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ቲቪ ጥገና ነው። ስማርት ቲቪ ልግዛ ወይስ ኢንተርኔት የሌለው ይሻለኛል የምትሉ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ የትኛውንም ብትገዙ ቲቪውን ዋይፋይ ላይ ለማስገባት አትቸኩሉ።

ቤቲ፦ ዋይፋይ ላይ ቢገባ ምን ያደርገኛል? ካሜራ የለውም እኮ።

መልስ፦ ካሜራ አያስፈልገውም። የሚያየው አንቺን ሳይሆን ስክሪኑን ነው። ከሚታየው ምስል በየቅጽበቱ ናሙና ይወስዳል፣ ወደ አጭር ኮድ ይቀይረውና ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል። እዚያ ካለው ክምችት ጋር ተመሳክሮ ምን እያየሽ እንደሆነ ይታወቃል። ኤሲአር ይሉታል። የሚፈለገው ለማስታወቂያ ነው።

ቪዚዮ የሚባለው የአሜሪካ ቲቪ አምራች እ.ኤ.አ. በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በዚሁ ጉዳይ ነው። ክሱ በ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ላይ ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ ሰብስቧል የሚል ነበር። ቲቪ ለምን እንዲህ ረከሰ ለምትሉም መልሱ እዚህ አለ። ይኸው ኩባንያ በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ከማስታወቂያና ከዳታ ያገኘው ትርፍ ቲቪ ሸጦ ካገኘው ከእጥፍ በላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በ2024 የለንደን፣ የካሊፎርኒያ ዴቪስና የማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳምሰንግና ኤልጂን ፈትሸው ነበር። ቲቪው ላይ ባለው የኔትፍሊክስ አፕ ስታዩ ኤሲአሩ ዝም ይላል። በኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በሚያስተላልፈው ገመድ) ሌላ ዕቃ ስትሰኩ ግን ይሠራል። ስለዚህ «እኔ ላፕቶፕ ብቻ ነው የምሰካው» ማለት አያድንም። ደግነቱ ከሴቲንግ ሲዘጋ መላኩን አቁሟል። ኤልጂ ላይ «ላይቭ ፕላስ»፣ ሳምሰንግ ላይ «ቪውዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ» የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉ።

ባለዲሹ፦ እኔ ዜናና ኳስ ነው የማየው። ምን የምደብቀው አለኝ?

ሮዛ ከሜሪላንድ፦ የመደበቅ ጉዳይ አይደለም ወንድሜ። ቤቴ ውስጥ ምን እንደማይ ለማንም መንገር የለብኝም።

ባለዲሹ፦ አሜሪካ ሌላ ነው። እዚህ ለኔ ማን ማስታወቂያ ይልካል?

ሮዛ ከሜሪላንድ፦ እዚያ አይሰበስብም ያለህ ማን ነው?

የሳሪስ ልጅ፦ ባለዲሹ፣ ኳሱን በየትኛው ሳተላይት ነው የምታየው? የኔ ሲግናል እየጠፋ አስቸገረኝ።

መልስ፦ የዲሹን ነገር ሌላ ቀን። ባለዲሹ፣ ማስታወቂያው ባያሳስብህ የኢንተርኔት ፓኬጁ ያሳስብህ። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው ፎርኬ (በጣም ጥርት ያለው ምስል) በሰዓት እስከ 7 ጊጋ፣ ኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይበላል። ኮታ ያለው ፓኬጅ የምትጠቀሙ ጥራቱን ራሳችሁ ዝቅ አድርጉት።

ዮኒ፦ የትኛው ቲቪ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምን? ስንት ኢንች? ምን ልታይበት? በስንት ብር? እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይሆንም።

መምህሩ፦ ቲቪውን ትቼ 32 ኢንች የኮምፒውተር ሞኒተር ብገዛስ? ሪሲቨር ብቻ ነው የምሰካበት።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራ ሞኒተር ማንንም አይሰልልም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ቶሎ ይነሳል። ስማርት ቲቪ ግን እንደ ስልክ ከባዶ ነው የሚነሳው፣ በተለይ ርካሹ ያስጠብቃል። ሞኒተርም ጉድለት አለው። ብዙዎቹ ስፒከር የላቸውም፣ ያለውም ድምፁ ደካማ ነው። ሪሞትም አብዛኛው የለውም፣ ለማብራትና ለማጥፋት መነሳት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሪሲቨርህን ከጀርባው እየው። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ብቻ የሚወስድ አሮጌ ከሆነ ሞኒተሩ ላይ አይገባም። ኤችዲኤምአይ ካለው ግዛ፣ ግን የስፒከሩን ዋጋ ጨምረህ አስላ። ከ43 ኢንች በላይ ከፈለግክ ሞኒተር አያዋጣህም። ስማርት ቲቪ ገዝተህ ዋይፋዩን አለመስጠት ይሻላል።

ሄለን፦ ስማርቱ ያለ ዋይፋይ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ጉግል ቲቪ ያለበት መጀመሪያ ሲከፈት «ቤዚክ ቲቪ» የሚል ምርጫ ይሰጣል፣ እሱን ንኪ።

ዮኒ፦ እሺ፣ ለሳሎን የትኛው ቲቪ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ዮኒ፣ ኢንቹንና ብሩን ሳትነግረኝ አልመልስም።

የሳሪስ ልጅ፦ ስለ ፎቶ ጥራቱስ? ከስክሪን ዓይነቶቹ ኦሌድ ይሻላል ወይስ ኪውሌድ?

መልስ፦ ለጨለማ ክፍል ኦሌድ። ሌላው የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ቤቲ፦ የአባቴ ስማርት ቲቪ አሮጌ ነው። ኔትፍሊክስ አይሠራም ይለዋል። እንሽጠው?

መልስ፦ አትሽጡት! የስማርት ቲቪ ትልቁ ጉዳት ለኔ ይህ ነው። ኔትፍሊክስ ከዲሴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ አንዳንድ የቆዩ ሳምሰንጎች ላይ መሥራት አቁሟል። ስክሪናቸው ምንም አልሆነም፣ ያረጀው ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። እኔ ጋም ፓነሉ እንደ አዲስ የሆነ ቲቪ «ተበላሸ» ተብሎ ይመጣል። የአባትሽን ከዋይፋይ ንቀዪውና ኤችዲኤምአዩ ላይ ቲቪ ቦክስ (እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ አፖችን የሚከፍት ትንሽ ዕቃ) ሰኪበት። ቦክሱም መረጃ ይሰበስባል፣ አልዋሽሽም። ግን ሲያረጅ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

ባለዲሹ፦ «ሁሉም ቻናል በነፃ» የሚሉት ቦክሶች አሉ እኮ፣ በርካሽ።

መልስ፦ እነሱን አትንኩ! የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በጁን 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው የተጠለፉ ዕቃዎች መረብ አስጠንቅቋል። ገና ሳይሸጡ ቫይረስ የተጫነባቸው ቦክሶች አሉ። ገዝታችሁ ስትሰኩት የቤታችሁን ኢንተርኔት ወንጀለኞች መሸሸጊያ ያደርጉታል። ስሙ የታወቀ፣ አፕዴት የሚመጣለት ቦክስ ግዙ።

ዮኒ፦ 43 ኢንች፣ ለዲሽና ለልጆች ዩቲዩብ። ብሩን ገና አልወሰንኩም።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ሱቅ ውስጥ አስከፍተህ ፓነሉን ተመልከት፣ ሙሉ ነጭ ምስል አስደርገህ ጥቁር ጥላ ካለ ተወው። ቢያንስ ሁለት ኤችዲኤምአይ ይኑረው፣ አንዱ ለሪሲቨሩ፣ አንዱ ለልጆቹ ቦክስ። ዋይፋዩን ለቦክሱ ስጥ፣ ለቲቪው አትስጥ። ብሩን ስትወስን ተመለስና ጻፍልኝ።