መልስ፦ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ መከራየት

ወንድሜ፣ «ከቦሌ ወደ ደብረ ብርሃን ልዛወር ነው፤ መሀል ከተማ ብከራይ ማታው ይመቸኛል?» ላልከው፣ የቦሌን ማታ ከጠበቅክ አይመችህም። ቦሌ እስከ ሌሊት ሰው አይጠፋም፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ ራሱ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባዋል። የማታው ጨዋታ ጥብስና ቢራ ነው፤ ብርዱ ሲጠና አረቄ። ለኑሮ ግን መሀሉን እመርጣለሁ፣ የታክሲ ወጪ ይቀርልሃል።

ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሄደህ መኝታ ክፍሉን ዘግተህ አዳምጥ። ከሥር ግሮሰሪ ካለ የሙዚቃው ድም ድም በወለሉ በኩል ይመጣል፤ መስኮት መዝጋት አያቆመውም።

ከዚያ ቆጣሪውን እይ። 2,000 ዋት ማሞቂያ ብቻውን 9 አምፔር ይወስዳል፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይጠፋል። ያኔ ብዙ ሰው የከሰል ምድጃ ያስገባል። አደራህን፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታሳድር፤ ጭስ ባይታይም ይገድላል።

የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ምረጥ፤ ግድግዳውንም በመዳፍህ ዳብሰው። ከቀዘቀዘህና ከረጠበ፣ በኅዳር ውርጭ ጋቢም አያድንህም።