ስለ ወንድምሽ የውስጥ ሄርኒያ፣ ከደረሰብኝ ልንገርሽ

እህቴ፣ ወንድምሽ ሆዱን ለዓመታት እየቆረጠው ሲለቀው ኖሮ አሁን በሲቲ ስካን «የውስጥ ሄርኒያ ሳይሆን አይቀርም» ተብሏል፤ ሕመሙ ስለተወው ግን ቀዶ ጥገናው ቢቀርስ ነው ያልሽው። እኔ አይቅር ባይ ነኝ። በተወኝ ቁጥር ዳንኩ እያልኩ አራት ዓመት ተሸውጃለሁ።

የኔ ከበላሁ በኋላ ነበር የሚነሳው። ከእምብርቴ በላይ ወደ ግራ ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ተንበርክኬ ግንባሬን ፍራሽ ላይ ስደፋ ደግሞ ድንገት ላላ ይላል። ሐኪም ቤት ስደርስ ምንም የለም። ኢንዶስኮፒ ንጹሕ፣ አልትራሳውንድ ንጹሕ፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዤ ወደ ቤት። ሄርኒያ ሲባል ብሽሽት ላይ የሚያብጠውን ነው የምናውቀው። ይሄኛው ከውጭ አይታይም፤ አንጀት እዚያው ሆድ ውስጥ ባለ ክፍተት ሾልኮ ይገባል፣ አንዳንዴም ራሱ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሲቲም ላያሳየው ይችላል። የኔ የተገኘው ሕመሙ ሳይለቀኝ፣ እያቃሰትኩ፣ በደም ሥሬ ቀለም ተሰጥቶኝ ሲቲ ስለተነሳሁ ነው። ቀጭኑ አንጀት በጨጓራና በቆሽት መካከል ከረጢት ውስጥ የታጨቀ መስሎ ታየ።

ስሙ የግራ ፓራዱኦደናል ሄርኒያ ይባላል (በቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ አጠገብ ማለት ነው)፣ ክፍተቱ አብሮ የሚወለድ ነው። በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው፣ ተሠራሁ። ሰርጀኑ በኋላ ወረቀት ላይ ሥሎ ሲያሳየኝ፣ በከረጢቱ አፍ ጠርዝ ላይ ትልቅ ደም መላሽ ሥር ስለሚያልፍ ዝም ብሎ ቆርጦ ማስፋት አይቻልም አለኝ። አንጀቱን ቀስ አድርገው ስበው ሲያወጡት ጠቆር ብሎ ነበር። ሞቅ ባለ ፈሳሽ በራሰ ጨርቅ ሸፍነው ጠበቁት። ቀላ ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሳይቆርጡት ተዉትና ክፍተቱን በማይሟሟ ክር ሰፉት። ባይቀላ ኖሮ ተቆርጦ ይወጣ ነበር፤ «ይቆይ» ስትዪ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ወንድምሽ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ባይፓስ ተሠርቶ ያውቃል? ከሆነ ለሰርጀኑ ቶሎ ንገሩት። ያ ቀዶ ጥገና ራሱ አንጀትን በያዘው ማንጠልጠያ ላይ ክፍተት ሊተው ይችላል፤ ሰውየው ሲከሳ ደግሞ የማንጠልጠያው ስብ ስለሚሳሳ ክፍተቱ ይሰፋል።

ቀጠሮ እስኪደርስ ሕመሙ ተነስቶ አልለቅ ካለው፣ ካስመለሰው፣ ጋዝም አልወጣ ካለው፣ ማስታገሻ ውጦ እንዳይተኛ፤ ምንም ሳይበላ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የደም ምርመራው ደህና ነው ቢባል እንኳ አትዘናጉ፣ የኔም መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። የሲቲውን ሲዲ ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ሰርጀኑ ምስሉን በራሱ ዓይን ይየው።